ያልተጻፈው ሆሄ

በ1669 ሃምቡርግ ውስጥ ሄኒግ ብራንድ የሚባል ሰው ቤቱን በሽንት ሞላው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር እመለሳለሁ።)

ነገሩ እብደት አልነበረም። ብራንድ ወርቅ ፈላጊ ነው፤ ሽንት ደግሞ መልኩ ወርቅማ ነው። ለዚያ ዘመን አልኬሚስት ከመልክ ተነስቶ ወደ ባሕርይ መድረስ እንግዳ መንገድ አልነበረም። በጋን በጋን አጠራቀመ፤ እስኪከረፋ አቆየ፤ ከዚያ አፍልቶ አፍልቶ እንደ ዝፍት አወፈረው። ጎረቤት እንዴት እንደቻለው እግዜር ይወቅ። ዝፍቱን በኃይለኛ እሳት ሲያግለው የወጣው ተን ውሃ ውስጥ ገብቶ ረጋና ነጭ ሰም የመሰለ ነገር ሆነ። ወርቅ አልነበረም። ግን ክፍሉ ሲጨልም ያ ነጭ ነገር ማንም ሳይለኩሰው አረንጓዴ ብርሃን ይሰጥ ነበር።

ፎስፈረስ ተባለ፤ በግሪክኛ ብርሃን ተሸካሚ እንደማለት ነው። ወርቅን፣ ብርን፣ መዳብን፣ ብረትን፣ እርሳስን፣ ቆርቆሮን፣ ባዜቃንና ድኝን መጀመሪያ ማን እንዳገኛቸው የሚያውቅ የለም። አግኚው በስም የሚታወቅ የመጀመሪያው ንጥረ ነገር ፎስፈረስ ነው። ብራንድ ራሱ ግን ምን እንዳገኘ አላወቀም፤ ንጥረ ነገር ማለት ምን እንደሆነ ገና አልተለየም ነበርና። ከግሪኮች የተወረሰው ትምህርት ዓለም ሁሉ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተሠራ ነው ይል ነበር። እኛም ዘንድ አራቱ ባሕርያት እየተባሉ በቤተ ክህነት ትምህርት ይጠራሉ፤ እዚያ ግን ነገሩ ስለ ሰው እንጂ ስለ ብረት ማቅለጥ አይደለም።

ጉዳዩን ሚዛን ላይ ያወጣው አንቷን ላቯዚዬ ነው። ፓሪስ ውስጥ የንጉሡን ግብር በኮንትራት የሚሰበስበው ማኅበር ባለድርሻ ነበር፤ ከዚያ የሚተርፈውን ሰዓት ለኬሚስትሪ ሰጠው። የሚቃጠለውን ሁሉ ከመቃጠሉ በፊትና በኋላ እየመዘነ፣ ነገር ሲቃጠል ከአየር የሚወስደው አንዳች እንዳለ አረጋገጠ፤ ለዚያም አንዳች ኦክስጅን ብሎ ስም አወጣለት። በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ላይ ፍልስፍናውን ትቶ የሠራተኛ ፍቺ ሰጠ፤ ባለን ብልሃት ሁሉ ሞክረን ልንበታትነው ያልቻልነው ነገር፣ የሚበታትነው እስኪገኝ ድረስ፣ ንጥረ ነገር ነው። በዚህ ፍቺ 33 ነገሮችን ዘረዘረ። በዝርዝሩ አናት ላይ ብርሃንና ሙቀት ተቀምጠዋል፤ ኖራም ገብቷል። ስሕተት ነበር፤ ግን ስሕተቱን የሚያርመው ሰው በር ተከፍቶለታል። ላቯዚዬ እርማቱን አላየም። የግብሩ ማኅበር በሕዝብ የተጠላ ስለነበር አብዮቱ ባለድርሻዎቹን ሰብስቦ ግንቦት 1794 ላይ በጊሎቲን አንገታቸውን ቆረጠ።

እርማቱ የመጣው በባትሪ ነው። ቮልታ ባትሪን ለዓለም ካሳወቀ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1807 መጸው፣ ሃምፍሪ ዴቪ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ከአመድ የሚወጣውን ፖታሽ በኤሌክትሪክ አቀለጠ። በሽቦው ጫፍ ላይ ባዜቃ የመሰሉ ጥቃቅን ጠብታዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዳንዶቹ ወዲያው እየፈነዱ ነበልባል ሆኑ። አብሮት ይሠራ የነበረው ዘመዱ ኤድመንድ፣ ዴቪ በደስታ ክፍሉን እየዘለለ ሲዞር ማየቱን ተናግሯል። ይህ ፖታሲየም ነው። በቀናት ውስጥ ሶዲየም ተከተለ፤ በዓመቱ ደግሞ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ስትሮንቲየምና ባሪየም። የላቯዚዬ ኖራ ተበታትኖ ካልሲየምና ኦክስጅን ሆኖ ተገኘ።

ንጥረ ነገሮቹ ሲበዙ ማሳጠሪያ አስፈለጋቸው። ስዊድናዊው ቤርዜሊየስ ከላቲን ስማቸው አንድ ወይም ሁለት ፊደል እየወሰደ ምልክት አወጣላቸው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ካስመረሩን ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፤ ሶዲየም በእንግሊዝኛ በኤስ ይጀምራል፣ ምልክቱ ግን ኤንኤ ነው። መምህራችን «እንዲሁ ሸምድዱት» አሉን። ምክንያቱ ናትሪየም የሚለው ስም ነው፤ ከግብፅ በረሃ ይወጣ ከነበረው ናትሮን የተወሰደ። የፖታሲየም ኬ ደግሞ ካሊየም ከሚለው የመጣ ሲሆን ሥሩ ዐረብኛ ነው፤ የአመድ ስም።

በዚያው ዘመን የማንቸስተሩ መምህር ጆን ዳልተን እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ክብደት ካላቸው አቶሞች የተሠራ ነው ብሎ ተነስቷል። አቶምን ያየ የለም፤ የመዘነማ ከየት ይምጣ። ዳልተን ያደረገው ማወዳደር ነው፤ ቀላሉን ሃይድሮጅንን 1 ብሎ ሌላውን በእሱ ልክ መናገር። እዚህ ላይ ግን ትልቅ ወጥመድ አለ። ውሃ ውስጥ ለአንድ ግራም ሃይድሮጅን ስምንት ግራም ኦክስጅን አለ። አቶሞቹ አንድ ለአንድ ከተጣመሩ የኦክስጅን ክብደት 8 ነው፤ ሁለት ሃይድሮጅን ለአንድ ኦክስጅን ከሆነ ግን 16። ማዳበሪያው ስንት ኪሎ እንደሆነ አውቆ ውስጡ ስንት ብርቱካን እንዳለ የማያውቅ ሰው የአንዱን ብርቱካን ክብደት መናገር አይችልም። ዳልተን አንድ ለአንድ ብሎ ገመተ። ሌሎች በሌላ ገመቱ። ግማሽ ምዕተ ዓመት በዚህ አለፈ።

በዚህ ግርግር መካከል የየና ዩኒቨርሲቲው ዮሃን ዶበራይነር ሦስት ሦስት ሆነው የሚሄዱ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ አስተዋለ። ዛሬ በምናውቀው ቁጥር ልንገራችሁ፤ ሊቲየም 7፣ ፖታሲየም 39፤ ደምራችሁ ለሁለት ብትካፈሉ 23 ይመጣል፣ እሱም ሶዲየም ነው። ሦስቱም ለስላሳ፣ ሦስቱም ውሃ ሲነካቸው የሚቆጡ ናቸው። ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲንም እንደዚሁ። በ1829 ሲያሳትመው እንደ ጉድ አዩት እንጂ ማንም ወዴትም አልወሰደውም።

መስከረም 1860 ላይ 140 ያህል ኬሚስቶች ካርልስሩሄ በምትባል የጀርመን ከተማ ለሦስት ቀን ተሰበሰቡ። ዋናው ጥያቄ ያው የማዳበሪያውና የብርቱካኑ ነበር። ተከራከሩ፤ አልተስማሙም፤ ሰሚ እንዳጣ ስብሰባ ሊበተን ሆነ። ስታኒስላዎ ካኒዛሮ የሚባል የሲሲሊ ሰው የአገሩ ልጅ አቮጋድሮ ከብዙ ዓመት በፊት ያቀረበውን መፍትሔ ይዞ መጥቶ ነበር፤ እኩል መጠን ያላቸው ጋዞች በእኩል ሙቀትና ግፊት እኩል ቁጥር ያላቸው ቅንጣቶች አሏቸው። ይህን የተቀበለ ሰው ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ብርቱካን መቁጠር ይችላል። በመጨረሻው ቀን አንድ ወዳጁ የካኒዛሮን ትንሽ መጽሐፍ ለተሰብሳቢዎቹ አደለ። ብዙዎቹ ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ካነበቡት መካከል ሎታር ማየር የተባለ ጀርመናዊና በሃይድልበርግ ለትምህርት የተቀመጠ የ26 ዓመት ሩሲያዊ ነበሩ። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ ነው።

ከእሱ በፊት ግን አንድ ሰው አለ፤ ስለሚያሳዝነኝ አላልፈውም። ጆን ኒውላንድስ የለንደን ኬሚስት ነው፤ ኋላ ላይ የስኳር ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። ካርልስሩሄ ላይ ጉባኤው ሲደረግ እሱ ጣሊያን ውስጥ ለጦር መሪው ለጋሪባልዲ ሊዋጋ ዘምቶ ነበር። ሲመለስ አዲሶቹን ክብደቶች ይዞ ንጥረ ነገሮቹን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አሰለፋቸው። ሊቲየም፣ ቤሪሊየም፣ ቦሮን፣ ካርቦን፣ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ፍሎሪን። ሰባት ሄደ። ስምንተኛው ሶዲየም ሆነ፤ የሊቲየም ወንድም። እንደገና ሰባት ሄደ፤ ቀጥሎ የመጣው ፖታሲየም ነው፤ የሶዲየም ወንድም።

ኒውላንድስ ይህን ከሙዚቃ ድምፆች ጋር አመሳሰለውና የስምንተኛው ሕግ አለው። ለእኛ ከሙዚቃው ይልቅ የፊደል ገበታ ይቀርበናል። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ፤ ሰባት ሄዶ ስምንተኛው ለ ነው። ለ ደግሞ ከሀ ሥር ይቆማል፤ ሁለቱም ግዕዝ ናቸውና። ወደ ጎን ሲያነቡት ድምፁ ደረጃ በደረጃ ይለዋወጣል፤ ወደ ታች ሲያነቡት ሁሉም ሣልስ፣ ሁሉም ራብዕ ሆኖ ይወርዳል። የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። ወደ ጎን ባሕርይ ይለዋወጣል፤ ወደ ታች ዘመድ ከዘመድ ሥር ይሰለፋል።

በማርች 1866 ኒውላንድስ ሐሳቡን ለለንደኑ የኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ፣ ካሪ ፎስተር የሚባል ፕሮፌሰር፣ ንጥረ ነገሮቹን በስማቸው የፊደል ተራ አሰልፈህ ሞክረህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ተሳቀበት፤ ማኅበሩም ጽሑፉን አላትምም አለ። ፌዙ ግፍ ነበር፤ ያለ ምክንያት ግን አልነበረም። ከካልሲየም በኋላ ረድፉ በሰባት አይዘጋም፤ ይረዝማል። ኒውላንድስ ግን በሰባት እንዲዘጋ አስገድዶ አንዳንድ ቦታ ሁለት ንጥረ ነገር በአንድ ሳጥን አጨቀ፤ ብረትንም ከኦክስጅንና ከድኝ ጋር አንድ አምድ ላይ አቆመው። ገበታው ሞልቷል፤ የሞላው ግን በመጋፋት ነው።

አሁን ወደ ሩሲያዊው። ሜንዴሌቭ በ1834 ሳይቤሪያ ውስጥ በቶቦልስክ ተወለደ፤ የብዙ ልጆች መጨረሻ። አባቱ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ፤ ዓይናቸው ጠፋና ሥራቸውን ለቀቁ። እናቱ ማሪያ የቤተሰባቸውን የመስታወት ፋብሪካ እያስተዳደሩ ቤቱን ተሸከሙ። አባት በ1847 ሞቱ፤ በዓመቱ ፋብሪካው ተቃጠለ። እናት ያላቸውን ሸክፈው ትንሹን ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ሞስኮ ደረሱ። ሞስኮ አልቀበልም አለ። ወደ ፒተርስበርግ ቀጠሉ። በ1850 ልጁ አባቱ በተማሩበት የመምህራን ተቋም ገባ፤ እናቱ በዚያው ዓመት አረፉ። ሜንዴሌቭ በ1887 አንድ ትልቅ የምርምር መጽሐፍ ለእሳቸው መታሰቢያ አድርጎ አሳትሟል።

ሠንጠረዡ የተወለደው ከመማሪያ መጽሐፍ ጭንቀት ነው። ሜንዴሌቭ በፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሲያስተምር የሚመጥን የሩሲያኛ መጽሐፍ ስላጣ ራሱ መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያውን ቅጽ ሲጨርስ የሚታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ነበሩ፤ እሱ በቅጡ የተረከው ግን ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን፣ ካርቦንና የክሎሪን ቤተሰብ። የቀረው ከሃምሳ በላይ ንጥረ ነገር በአንድ ቅጽ ማለቅ አለበት። በምን ቅደም ተከተል? ከክሎሪን ቤተሰብ ቀጥሎ የሶዲየምን ቤተሰብ አደረገ። ከዚያስ? መምህር የሆነ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፤ ነገ ክፍል ምን ይዤ ልግባ የሚለው ነው።

አንድ ጠዋት ጉዞ ይጠብቀው ነበር። የአገሩ የኢኮኖሚ ማኅበር አባል ስለሆነ የአይብ ማምረቻዎችን እንዲጎበኝ ተጋብዟል። የግብዣው ደብዳቤ መጣ፤ ሜንዴሌቭ ገልብጦ በጀርባው ቁጥሮች ይጭር ጀመር። ቀኑ በሩሲያ መቁጠሪያ ፌብሩዋሪ 17፣ በቀረው አውሮፓ ማርች 1 ቀን 1869 ነው። በእኛ የካቲት 23 ቀን 1861 ዓ.ም.። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካለፉ ገና ዓመት አልሞላም፤ የካቲት 23 ራሱ የአድዋ ቀን ሊሆን 27 ዓመት ይቀረዋል። መገጣጠም ብቻ ነው። እኔ ግን ቀኑን የማልረሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሮቹን ቀረብ ብለን እንይ። ከላይ የክሎሪን ቤተሰብ፦ ፍሎሪን 19፣ ክሎሪን 35.5፣ ብሮሚን 80፣ አዮዲን 127። ከሥራቸው የሶዲየም ቤተሰብ፦ ሶዲየም 23፣ ፖታሲየም 39፣ ሩቢዲየም 85፣ ሲዚየም 133። በባሕርይ እነዚህን ሁለት ቤተሰቦች የሚያገናኝ ነገር የለም፤ እንዲያውም ተቃራኒ ናቸው። በክብደት ግን እያንዳንዱ ክሎሪን መሰል ከጎኑ አንድ ሶዲየም መሰል አለው፤ ልዩነታቸው ከሦስት ተኩል እስከ ስድስት። ዘመዳሞችን ብቻ ሲሰበስቡ ለኖሩት ኬሚስቶች ያልታየው ይህ ነው። ባዕዶቹን ጎን ለጎን ስታቆም ነው ገበታው የሚወጣው።

ካርታ ሲጫወት መጣለት፣ ተኝቶ በሕልሙ አየው የሚሉ ወሬዎች አሉ። የዚያን ቀን ረቂቅ ዛሬም አለ፤ የተሰረዘ፣ የተደለዘ፣ በቀስት ከዚህ ወደዚያ የተጎተተ ወረቀት ነው። በሕልም የመጣ ነገር እንዲህ አይሰረዝም። በመጨረሻ በንጹሕ ገልብጦ 150 ቅጂ በሩሲያኛ፣ 50 በፈረንሳይኛ አሳተመና ወደ አይቡ ሄደ። ለሩሲያ ኬሚስቶች ማኅበር ጽሑፉን ያነበበለት ባልደረባው ሜንሹትኪን ነው።

በዚያ ወረቀት ላይ ጥያቄ ምልክቶች ነበሩ። ጥያቄ ምልክት እኩል ይሆናል 45። ጥያቄ ምልክት እኩል ይሆናል 68። ጥያቄ ምልክት 70። ስም የላቸውም፤ ክብደት ግን ተሰጥቷቸዋል። ኒውላንድስ የሞላውን ሜንዴሌቭ ባዶ ተወው።

ሕፃን ልጅ በተቀደደ የፊደል ገበታ ላይ በ ቡ ብሎ ቀጥሎ ቀዳዳ ቢያገኝ፣ ከዚያ ባ ቤ ብ ቦ ካለ፣ የጎደለውን ያውቀዋል። ከጎን የበ ቤት መሆኑን ያያል፤ ከላይና ከታች ሣልስ መሆኑን ያያል። ሆሄው ባይታይም ያነበዋል። ሜንዴሌቭ በ1871 ሠንጠረዡን አሻሽሎ ሲያወጣ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከአሉሚኒየም ሥር ባዶ ቦታ አለ፤ ኤካ-አሉሚኒየም አለው። ኤካ በሳንስክሪት አንድ ማለት ነው፤ ከአሉሚኒየም አንድ ደረጃ ወርዶ እንደማለት። ክብደቱ 68 ገደማ ነው፣ በቀላሉ ይቀልጣል፣ እፍግታው 5.9 ገደማ ነው ብሎ ጻፈ። ኤካ-ቦሮንና ኤካ-ሲሊከን የሚላቸውም ነበሩ። በዚያው ድፍረቱ ሰው ሁሉ 120 የሚለውን የዩራኒየም ክብደት በእጥፍ አሳድጎ 240 ነው አለ፤ 120 ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሌለ። ዛሬ ቁጥሩ 238 ነው። ሎታር ማየርም ብቻውን ተመሳሳይ ሠንጠረዥ ሠርቶ በ1870 አውጥቷል፤ የባዶዎቹን ባሕርይ አስቀድሞ ለመናገር ግን አልደፈረም።

በኦገስት 1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን ከፒሬኔ ተራሮች የመጣ የዚንክ ማዕድን በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲመረምር ከዚያ በፊት ያልታዩ ሁለት ሐምራዊ መስመሮች አየ። አዲስ ንጥረ ነገር ነው፤ በአገሩ ጥንታዊ ስም ጋሊየም አለው። እፍግታውን ለክቶ 4.7 አገኘ። ሜንዴሌቭ ከፒተርስበርግ ጻፈ፤ ያገኘኸው የእኔ ኤካ-አሉሚኒየም ነው፣ እፍግታው ግን 5.9 አካባቢ መሆን አለበት፣ አጥራና ድገመው። እስቲ አስቡት፤ ንጥረ ነገሩን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ በእጁ ለያዘው ሰው «ልኬትህ ተሳስቷል» ሲለው። ፈረንሳዊው አጥርቶ ለካ። 5.9 ሆነ። በቀላሉ ይቀልጣል የተባለውም እንዲሁ፤ ጋሊየም 30 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፣ መዳፍ ላይ ቢያስቀምጡት ውሃ ይሆናል።

በ1879 ስዊድናዊው ኒልሶን ስካንዲየምን አገኘ፤ ኤካ-ቦሮን። በ1886 ፍራይበርግ ላይ ክሌመንስ ቪንክለር ከአንድ የብር ማዕድን ውስጥ ጀርማኒየምን አወጣ፤ ኤካ-ሲሊከን። ሜንዴሌቭ ክብደቱን 72፣ እፍግታውን 5.5 ብሎ ነበር፤ ቪንክለር 72.3 እና 5.47 ለካ። ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በ1882 ለሜንዴሌቭና ለማየር፣ በ1887 ደግሞ ለኒውላንድስ የዴቪን ሜዳልያ ሰጠ።

ከዚያ ማንም ያልጠበቀው መጣ። ሎርድ ሬይሊ የጋዞችን እፍግታ በትዕግሥት የሚለካ ሰው ነበር። ከአየር ያወጣው ናይትሮጅን ከአሞኒያ ካወጣው ናይትሮጅን በግማሽ መቶኛ ያህል ከበደበት። ሌላ ሰው ቢሆን የሚዛኑ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ሬይሊ ከኬሚስቱ ዊልያም ራምሴ ጋር ሆኖ ተከታተለውና በ1894 በአየር ውስጥ ተደብቆ የኖረ ከምንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ አገኙ፤ አርጎን፣ በግሪክኛ ሰነፍ። በየደቂቃው ከምንስበው አየር አንድ መቶኛ ያህሉ እሱ ነው። ራምሴ በ1895 ቀድሞ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ብቻ ይታወቅ የነበረውን ሂሊየምን ከዩራኒየም ማዕድን አወጣ፤ በ1898 ከሞሪስ ትራቨርስ ጋር ክሪፕቶንን፣ ኒዮንንና ዜኖንን ጨመረ።

ይህ ባዶ ሳጥን የሚሞላ ግኝት አልነበረም፤ አንድ ሙሉ አምድ ነው። የፊደል ገበታ ላይ ከሳብዕ ወዲያ ሏ፣ ሟ፣ ሯ ተብሎ ስምንተኛ አምድ እንደሚጨመረው። (እነዚያን ዲቃላ እንላቸዋለን፤ እነዚህን ፈረንጆቹ ክቡር ጋዞች አሏቸው። ስም አወጣጥ እንደ አገሩ ነው።) ሜንዴሌቭ መጀመሪያ አርጎንን አልተቀበለውም፤ ሦስት አቶም ያለው ናይትሮጅን ነው ብሎ ነበር። ቦታ እንዳለው ሲያይ ግን ተቀበለ። ሽማግሌው ሁልጊዜ ልክ አልነበረም፤ ኤሌክትሮን የሚባለውን ነገር አልወደደውም፣ በስተእርጅናው ደግሞ ከሃይድሮጅን በላይ ሳይቀር ባዶ ቦታ ትቶ ሁለት የሌሉ ንጥረ ነገሮችን ጠብቋል። በ1906 የኖቤል ኮሚቴ ቢመርጠውም አካዳሚው ሽልማቱን ለፈረንሳዊው ሙዋሳን ሰጠ። ሜንዴሌቭ በፌብሩዋሪ 1907 ሞተ።

አንድ ነገር ግን ሳይፈታ ቀርቷል። ሠልፉ በክብደት ነው ተብሏል፤ ግን አርጎን 39.9፣ ፖታሲየም 39.1 ነው፤ በክብደት ቢሄዱ ሰነፉ ጋዝ ከሶዲየም ሥር ሊገባ ነው። ቴሉሪየም 127.6፣ አዮዲን 126.9። ሜንዴሌቭ ባሕርያቸውን አይቶ በየቦታቸው አስቀመጣቸውና ክብደቱ በደንብ አልተለካም አለ። ተለካ፤ አሁንም ያው ነው።

መልሱን ያመጣው ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ነው። በ1913 ማንቸስተር፣ በኋላም ኦክስፎርድ ውስጥ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በኤሌክትሮን ሲመታ የሚያወጣውን ራጅ ለካ። አየር በተመጠጠ ረጅም የመስታወት ቱቦ ውስጥ ትንሽ ጋሪ በሐዲድ ላይ አቆመ፤ ናሙናዎቹን ጋሪው ላይ ደርድሮ በዓሣ ማጥመጃ የሐር ክር እየጎተተ አንድ በአንድ ጨረሩ ፊት አመጣቸው። የራጁ ንዝረት ስኩዌር ሩት ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ በእኩል እርምጃ ይወጣ ነበር፤ እንደ ደረጃ፣ ግማሽ እርከን የለውም። ንጥረ ነገር እንግዲህ ክብደቱ ሳይሆን ቁጥሩ ነው፤ በአቶሙ እምብርት ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ብዛት። አርጎን 18፣ ፖታሲየም 19። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። ሜንዴሌቭ በዓይን የቀየራቸው ሁሉ ልክ ሆኑ። ደረጃው ላይ የጎደለ እርከን ካለም ይቆጠራል፤ 43 የለም፣ 61 የለም፣ 75 የለም። ከዚህ ወዲያ ስንት እንደቀረ መገመት ቀረ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ሞዝሊ ወዶ ዘመተ። ኦገስት 10 ቀን 1915 ጋሊፖሊ ላይ ጥይት ገደለው። 27 ዓመቱ ነበር።

ለምን ይደጋገማል የሚለው ጥያቄ የተመለሰው የፊዚክስ ሊቁ ኒልስ ቦርና ተከታዮቹ ኤሌክትሮኖችን በየደረጃቸው ካስቀመጡ በኋላ ነው። ኤሌክትሮኖች በእምብርቱ ዙሪያ በንብርብር ይቆማሉ፤ ንብርብሩ ሲሞላ አዲስ ይጀመራል፣ አዲስ ረድፍ ማለት ይኸው ነው። ሶዲየም 11 አለው፤ 2፣ 8 እና ውጭ የቀረች 1። ክሎሪን 17 አለው፤ 2፣ 8 እና 7፣ ለመሙላት አንድ ይጎድለዋል። ያቺን አንዷን ተሰጣጥተው ሲጣበቁ አሞሌ ጨው ሆኑ። ሰነፎቹ ጋዞች የሞላላቸው ናቸው፤ አይሰጡም፣ አይለምኑም። ረድፎቹም 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32 እያሉ ይሄዳሉ። ኒውላንድስን ያሰናከለው ይህ ርዝመት ነው።

የሞዝሊ እርከኖች አንድ በአንድ ተሞሉ። 75 ቁጥር በ1925 ጀርመን ውስጥ ሬኒየም ሆኖ ተገኘ። 43 ግን ምድር ተቆፍሮ አልተገኘም። በ1937 ኤሚሊዮ ሰግሬ ከካሊፎርኒያ የተላከለትን፣ በአቶም ማፋጠኛ ሲደበደብ የቆየ የሞሊብዲነም ቁራጭ ፓሌርሞ ላይ መርምሮ አገኘው። ቴክኒሺየም ተባለ፤ ሰው ሠራሽ ማለት ነው። 61 ቁጥር በ1945 ከዩራኒየም ቃጠሎ አመድ ወጣ።

ከዩራኒየም በኋላ ያሉትን መፈለግ ቀርቶ መሥራት ተጀመረ። ዋናው ባለሙያ የበርክሌው ግሌን ሲቦርግ ነው። በ1955 የእሱ ቡድን 101ኛውን ሠራ፤ ጠቅላላ የቆጠሩት 17 አቶም ነው። ሜንዴሌቪየም ሊሉት ፈለጉ። ቀዝቃዛው ጦርነት በጋመበት ሰዓት የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ለሩሲያዊ ስም ሊሰጥ ነው፤ ሲቦርግ መንግሥቱን አስፈቅዶ ሰየመው። 106ኛው በ1997 በራሱ ስም ሲቦርጊየም ሆኖ ሲጸድቅ ሰውየው በሕይወት ነበር። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ አድራሻዬን በንጥረ ነገር መጻፍ ይችላል እያለ ይቀልድ ነበር፤ ሲቦርጊየም፣ በርክሊየም፣ ካሊፎርኒየም፣ አሜሪሲየም።

በኖቬምበር 2016 አራት ስሞች በአንድ ቀን ጸደቁ፤ ኒሆኒየም፣ ሞስኮቪየም፣ ቴኔሲንና ኦጋኔሶን። የመጨረሻው 118ኛ ነው፤ ሞስኮ አጠገብ ዱብና ላይ ካልሲየምን በካሊፎርኒየም ላይ ተኩሰው ሠሩት፤ ስሙን ያገኘው ከዩሪ ኦጋኔስያን ነው። በጣት የሚቆጠሩ አቶሞች ተገኙ፤ ዕድሜያቸው ሰከንድ ተሸርፎ ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ሰባተኛው ረድፍ በዚህ ተዘጋ። ሁለቱ፣ ሁለቱ ስምንቶች፣ ሁለቱ አሥራ ስምንቶች፣ ሁለቱ ሠላሳ ሁለቶች ሲደመሩ 118።

119ኛው ገና አልተሠራም። ጃፓን ውስጥ ሪከን የሚባለው ተቋም ቫናዲየምን በኩሪየም ላይ እየተኮሰ ይፈልገዋል። እስኪመጣ ድረስ ኡንኡንኤኒየም የሚል የመጠባበቂያ ስም አለው፤ አንድ፣ አንድ፣ ዘጠኝ እንደማለት። ቦታው ከፍራንሲየም ሥር ነው፤ አዲስ መስመር ተጀምሮ፣ በግዕዙ አምድ ላይ።